በአንድ እርከን ስንት መስመር?

የምሠራው ትርጉምና እርማት ነው። ሥራው ብዙ ጊዜ የሚመጣልኝ በኤክሴል ነው፤ በግራው ዓምድ እንግሊዝኛው፣ በቀኙ አማርኛው። የስልክ መተግበሪያ ከሆነ ሴሎቹ አጫጭር ናቸው፤ "ቀጥል"፣ "ተመለስ"፣ "ሰርዝ" ዓይነት። የጤና መመሪያ ወይም የሥልጠና ጽሑፍ ሲሆን ግን አንዷ ሴል ብቻዋን አንቀጽ ሙሉ ትይዛለች። ጣጣው የሚመጣው ያኔ ነው። የማውሱን ጎማ አንዴ ቀጭ ሳደርጋት ሦስት ረድፍ ትዘላለች። ረድፎቹ ቀጫጭን ሲሆኑ ሦስት ረድፍ ምንም አይደለም። እያንዳንዱ ረድፍ አሥር መስመር ሲይዝ ግን ሦስት ረድፍ ማለት ስክሪኑ በሙሉ ነው። እያነበብኩት የነበረው ዓረፍተ ነገር ወደ ላይ ይጠፋል። ያልደረስኩበት ደግሞ ፊቴ ላይ ቁጭ ይላል።

ስክሮሉ ፈጠነብኝ የሚል ሰው ሞልቷል። በስንት ፈጠነብህ ሲባል ግን መልስ የለም። መለኪያው እኮ እጃችን ላይ ነው።

ባዶ ሺት ክፈቱ። በግራ በኩል የረድፍ ቁጥሮቹ 1፣ 2፣ 3 እያሉ ወርደዋል፤ ሌላ ምንም መጻፍ አያስፈልግም። ጎማዋን በአንድ ጣት፣ ቀስ ብላችሁ፣ አንድ እርከን ብቻ ወደ ራሳችሁ አዙሯት። እርከን የምለው ያቺን ቀጭ የምትለዋን ነው። ከላይ የነበረው 1 ሄዶ በቦታው 4 ከመጣ ማውሱ በእርከን ሦስት ረድፍ ይሄዳል ማለት ነው። ዊንዶውስ ማንም ካልነካካው የሚሰጠው ይህንኑ ሦስት ነው።

ቀጥሎ ፍሉድ ፈልጉ፤ ያቺን ወረቀት ላይ የተሳሳተ የምናጠፋባትን ነጭ ቀለም። ጎማዋ ላይ አንዲት ነጥብ አድርጉና እስኪደርቅ ጠብቁ። ነጥቧ ከላይ ስትሆን ጀምራችሁ፣ ዞራ እዚያው እስክትመለስ እርከኖቹን ቁጠሩ። የኔ ማውስ 24 እርከን አላት። አንድ ሙሉ ዙር ስጨርስ ከላይ የሚመጣው ረድፍ 73 ነው። ሃያ አራት ጊዜ ሦስት ሰባ ሁለት፤ ሒሳቡ ልክ ገባ። ከ24 ያነሰ እርከን ያላቸው ማውሶችም አሉ። ሴቲንጋቸው ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ አንዱ ማውስ ከሌላው የሚፈጥነው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። ሌላው ደግሞ የጎማዋ ጥንካሬ ነው። ላላ ያለችዋ በአንድ የጣት ግፊት አምስት ስድስት እርከን ትሄዳለች። ጠንካራዋ ሦስት ሄዳ ትቆማለች። ሰው ፍጥነት የሚለው እጁ የሚያውቀውን ነው፤ እጅ የሚያውቀው ደግሞ እርከንን ሳይሆን ግፊትን ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ለኩ። መጀመሪያ በእርከን፣ ከዚያ እንደ ልማዳችሁ አንዴ ገፋ አድርጋችሁ።

በነገራችን ላይ የማውስ ጎማና ኤክሴል የድሮ ዘመዳሞች ናቸው። ኤሪክ ሚሸልማን የሚባል የማይክሮሶፍት ሰው በ1993 እ.ኤ.አ. ሰዎች በትልልቅ የኤክሴል ሠንጠረዦች ውስጥ ወዲያና ወዲህ ለመሄድ ሲቸገሩ አይቶ ነው ሐሳቡ የመጣለት። ከማይክሮሶፍት በፊትም ጎማ ያለው ማውስ ገበያ ላይ ነበር። ዓለም ጎማዋን የለመዳት ግን በ1996 በወጣው የማይክሮሶፍት ማውስ፣ በኢንቴሊማውስ ነው። እና እኔ ዛሬ በኤክሴል ረድፍ ስለካት ጎማዋ የተወለደችበት ሰፈር መለስኳት ማለት ነው።

ታዲያ ሦስቱን ማን ነው የሚወስነው? ማውሱ ራሱ ሦስት የሚል ነገር አያውቅም። ጎማዋ አንድ እርከን ስትዞር ለፕሮግራሙ የሚደርሰው 120 የሚል ቁጥር ነው። ዊንዶውስ ውስጥ አንድ እርከን ማለት 120 ነው፤ ወደ ታች ከሆነ ቁጥሩ ኔጌቲቭ ይሆናል። ለምን 1 አልሆነም? ወደፊት እርከናቸው የደቀቀ ጎማዎች ቢመጡ እንዲመቻቸው ነው። 120 ለብዙ ቁጥር ሳይተርፍ ይካፈላል። የደቀቀ ጎማ ያለው ማውስ 30፣ 30፣ 30፣ 30 ብሎ ሊልክ ይችላል፤ አራቱ ተደምረው አንድ ሙሉ እርከን ይሆናሉ። ፕሮግራሙ 120ውን ይቀበልና "ባለቤቱ በእርከን ስንት መስመር ብሏል?" ብሎ ከሴቲንጉ ያያል። ከዚያ በኋላ መስመር ማለት ምን እንደሆነ የሚተረጉመው እያንዳንዱ ፕሮግራም በራሱ ነው። ኤክሴል ረድፍ ይለዋል። ብራውዘር ደግሞ ወደ ፒክስል፣ ስክሪኑ ወደተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች ይመነዝረዋል። ለዚህ ነው በአንድ ማውስ፣ በአንድ ኮምፒውተር፣ አንዱ ፕሮግራም ላይ ተስማምቷችሁ ሌላው ላይ የሚያናድዳችሁ።

የብራውዘሩን ለመለካት ረድፍ ቁጥር የለም። የእህቴ ልጅ ሶፍትዌር ይማራል፤ እሱን ያዝኩት። "ጋሼ፣ ይሄ ኮ አምስት መስመር ኮድ ነው" አለና ቡናው ሳይፈላ ጨርሶ ሰጠኝ። ባዶ ገጽ ናት። ጎማዋን ባዞርኩ ቁጥር የሚመጣውን ቁጥር አንድ በአንድ ከላይ ወደ ታች ትጽፋለች። በክሮም ከፈትናት። ማውሱን አንድ እርከን አዞርኩ፤ 100 አለች። ደገምኩ፤ 100። በፍጥነት አዞርኩ፤ 100፣ 100፣ 100፣ 100። ሴቲንጉን ከሦስት ወደ አንድ ዝቅ አድርጌ አዞርኩ፤ 33 እና ቅንጥብጣቢ።

እንግዲህ አስቡት። የላፕቶፔ ስክሪን 1366 በ768 ፒክስል ነው። የብራውዘሩ አናትና የታችኛው ባር ሲቀነስ ለንባብ የሚተርፈኝ ወደ 650 ፒክስል ነው። እርከኗ 100 ስትሆን ገጹ በስድስት ተኩል እርከን ሙልጭ ብሎ ይሄዳል። 33 ስትሆን ደግሞ አንድ እርከን እኔ በማነባቸው ገጾች ላይ ከአንድ የአማርኛ መስመር ብዙም አይበልጥም። አማርኛ መስመሮቹ ሲጠባበቁ ዓይን ስለሚያደክም ደህና ገጽ ሠሪዎች ፈታ አድርገው ነው የሚያስቀምጡት። እኔ አንዷን መስመር ጨርሼ አንድ ቀጭ አደርጋለሁ፤ ቀጣይዋ ዓይኔ ባለበት ቦታ ላይ ትመጣለች። ዓይኔ አይንቀሳቀስም፤ የሚንቀሳቀሰው ጽሑፉ ነው። በአራት ነጥብ ቦታ ሁለት ጊዜ የተመታ ሁለት ነጥብ ወይም ያለቦታው የገባ ነጠላ ሰረዝ የሚያዘው እንዲህ ሲነበብ ነው። በሦስት መስመር ዝላይ ጊዜ ዓይን የት እንደነበር ለመፈለግ ብቻ ሰከንድ ያልፋል። ያቺ ሰከንድ በቀን ስንት ጊዜ እንደምትደጋገም ለተርጓሚ አይነገረውም።

ኢንተርኔት ላይ የስክሮል ፍጥነት መፈተኛ የሚባሉ ገጾች አሉ። በሰከንድ ስንት ፒክስል ወረድክ ብለው ነጥብ ይሰጣሉ። እኔም ገብቼ ጎማዋን እንደ ጉድ አሽከርክሬያለሁ፤ የሚያስቅ ጨዋታ ነው። ግን የሚነግራችሁ የጣታችሁን ጉልበት ነው እንጂ ሴቲንጋችሁ ለሥራችሁ ልክ መሆኑን አይደለም። ሎጂቴክ የሚባለው ኩባንያ በ2019 ባወጣው ኤምኤክስ ማስተር 3 በተባለ ማውስ ጎማው በሰከንድ 1000 መስመር ይሄዳል ብሎ ያስተዋውቃል። የአንድ ወዳጄን ይዤ አይቼዋለሁ። እርከኗ ትለቅና ጎማዋ በነፃ ትሽከረከራለች፣ ምንም ድምፅ የላትም። አራት ሺህ ረድፍ ያለው ፋይል ግርጌ ለመድረስ ግሩም ነው። ለማንበብ ግን አንድም ቀን 1000 መስመር በሰከንድ ፈልጌ አላውቅም። ደግሞ ኮንትሮል ይዞ ኤንድን መጫን ከማንም ጎማ ይፈጥናል።

ማውስ መግዛት ካሰባችሁ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ዲፒአይ እዩና እለፉት። መርካቶ ውስጥ አንዱ ሻጭ "ወንድሜ፣ ይሄ 6400 ነው፣ ስክሮሉ ይበራል!" ብሎኛል። ዲፒአይ ማውሱ ጠረጴዛ ላይ አንድ ኢንች ሲንቀሳቀስ ሆዱ ስር ያለው ሴንሰር ስንት ጊዜ እንደሚቆጥር የሚናገር ቁጥር ነው። ቀስቷ ላይ እንጂ ጎማዋ ላይ ሥልጣን የለውም። ጎማዋ የራሷ ቆጣሪ አላት። 800ውም 6400ውም ኤክሴል ላይ ያው ሦስት ረድፍ ነው የሚሄዱት። ሱቅ ውስጥ የሚጠቅመው ነገር ሌላ ነው። የሻጩን ላፕቶፕ ለምናችሁ ሰኩትና ረድፍ ቁጠሩ። ጎማዋ እርከን ላይ በደንብ ትቆማለች ወይስ በሁለት እርከን መሃል ትንሳፈፋለች? ያን ጣታችሁ ይነግራችኋል።

አሁን ወደ ታችፓዱ፣ ላፕቶፑ ላይ በጣት ወደምንነካው ሰሌዳ። እዚህ ላይ ነገሩ ይወሳሰባል።

ታችፓድ እርከን የለውም። የእህቴን ልጅ ገጽ ከፍቼ ሁለት ጣቴን ቀስ አድርጌ ስስብ ቁጥሮቹ 1፣ 1፣ 2፣ 3፣ 2 እያሉ ይወርዳሉ። ትንሽ ፈጠን ስል 8፣ 19፣ 34፣ 41። ከዚያ ጣቴን አነሳሁ። ቁጥሮቹ ግን አልቆሙም። 36፣ 29፣ 22፣ 16፣ 11፣ 7፣ 4፣ 2፣ 1። ማንም ሳይነካው! ፔዳሉን መምታት ያቆሙት ብስክሌት ሜዳ ላይ እየቀዘቀዘ እንደሚሄደው ነው። በ2007 አይፎን ሲመጣ ዓለም የወደደው ይህንን መንሸራተት ነበር፤ ዛሬ ላፕቶፑም ስልኩም እንዲህ ነው።

ስለዚህ የታችፓድ ፍጥነት የሚባለው ቢያንስ ሦስት ነገር ነው። ጣት ሲሄድ ስንት ይሄዳል፣ ጣት ሲፈጥን ስንት ይጨምርበታል፣ ጣት ከተነሳ በኋላ ምን ያህል ይንሸራተታል። ለየብቻ ካልተለኩ የትኛው እንደሚያናድዳችሁ አታውቁም። እኔ በወረቀት ቁራጭ ላይ የ4 ሴንቲሜትር ምልክት አድርጌ በታችፓዱ ጎን ለጠፍኩ። ኤክሴል ከፍቼ ሁለት ጣቴን ከምልክት እስከ ምልክት በዝግታ ሳብኩና፣ ጣቴን ሳላነሳ የላይኛውን ረድፍ ቁጥር አየሁ። ከዚያ ያንኑ 4 ሴንቲሜትር በፍጥነት ሳብኩና፣ አሁንም ጣቴን ሳላነሳ አየሁ። ከዚያ በፍጥነት ስቤ ለቀቅሁ። የመጀመሪያው አሥራ ምናምን ረድፍ ነበር። ሁለተኛው ከዚያ እጥፍ በላይ። ሦስተኛው ከመቶ አልፎ ሄደ። ይኼው፣ እኔን የሚያናድደኝ ሦስተኛው ነው። የመጀመሪያውማ ደህና ነው፤ እንዲያውም ከማውሱ ይሻላል፣ በፒክስል ነው የሚሄደው።

በኔ ዊንዶውስ 10 ላይ የታችፓድ ሴቲንግ ስገባ የቀስቷ ፍጥነት አለ፣ የስክሮሉ አቅጣጫ አለ፤ የስክሮል ፍጥነት የሚባል ግን የለም። መፍትሔው የጣት ነው። ስቦ፣ ቆሞ፣ ከዚያ ማንሳት። ጣት ከመነሳቱ በፊት ቆም ካለ መንሸራተቱ አይነሳም። መንሸራተት ከጀመረም ሁለት ጣት ጣል ማድረግ ያቆመዋል። ከለመዱት በኋላ ሳያስቡት የሚሠራ ነገር ነው።

የወዳጄ ማክ ላይ የኔን ያቺን ባለ 24 እርከን ማውስ ሰክቼ ደግሞ ሌላ ጉድ አየሁ። አንድ እርከን ቀስ ብዬ ሳዞር ጽሑፉ ንቅንቅ አለ ብቻ። በፍጥነት ስገፋት ግን ገጹ ተፈተለከ። ማክ ለማውስ ጎማም የጣትን ፍጥነት እያየ ይጨምርበታል። ስለዚህ ማክ ላይ "በእርከን ስንት?" የሚለው ጥያቄ አንድ መልስ የለውም፤ አንዴ በዝግታ አንዴ በፍጥነት ለክቶ ሁለቱን መጻፍ ነው። አቅጣጫው ግራ የሚያጋባችሁ ካላችሁም ከ2011 ጀምሮ ነው ማክ ወደ ስልኩ ዓይነት፣ ጽሑፉ ጣትን ተከትሎ ወደሚሄድበት የዞረው። ሴቲንግ ውስጥ ይመለሳል። ግን የማውሱን ስትቀይሩ የታችፓዱም አብሮ ይቀየራል፤ እሱ ያበሳጫል።

ረድፍ መቁጠሩ ሌላም ጥቅም አለው። ሒሳብ ክፍል ያሉት እትዬ አንድ ቀን ጠሩኝ። "አንተ ልጅ፣ ይቺ ማውስ ወደ ታች ስላት ወደ ላይ ትሄድብኛለች" አሉኝ። ባዶ ሺት ከፍቼ ጎማዋን በዝግታ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ አዞርኳት። 4፣ 7፣ 10፣ 7፣ 10፣ 13፣ 10። ይሄ የሴቲንግ ጉዳይ አይደለም፤ ቆጣሪዋ ቆሽሻለች። በርካሽ ማውሶች ውስጥ የጎማዋ ዘንግ የሚገባባት ባለ ስድስት ማዕዘን ቀዳዳ ያላት ትንሽ ሳጥን አለች። ውስጧ ሁለት የብረት ንክኪዎች አሉ፤ ጎማዋ ስትዞር አንዱ ቀድሞ ሌላው ተከትሎ ይነካል። የትኛው እንደቀደመ አይቶ ነው ማውሱ ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች የሚያውቀው። አቧራና የእጅ ቅባት ሲገባበት ንክኪው ይቆራረጥና ቅደም ተከተሉ ይምታታል። የአዲስ አበባን አቧራ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ሆዷ ላይ ያለችውን ብሎን ፈትተን፣ በደንብ ነፍተን፣ ትንሽ አልኮል አስነካናት። ሥራዋን ቀጥላለች። ጊዜያዊ ሊሆን ይችላል፤ ንክኪው ራሱ ካለቀ አልኮል አያድነውም።

እትዬ ከተስተካከለላቸው በኋላ ሴቲንጉን አሳየኋቸው። ዊንዶውስ 10 ላይ ሴቲንግ፣ ዲቫይስስ፣ ማውስ ነው፤ 11 ላይ ዲቫይስስ ከብሉቱዝ ጋር አንድ ላይ ተጽፏል። በአንድ ጊዜ ስንት መስመር የሚለውን ከ1 እስከ 100 መጎተት ይቻላል፣ ወዲያው ይሠራል። እኔ የራሴን 1 ላይ ነው ያደረግኩት፤ የረጃጅም ረድፍ ፋይል ላይ እሱም ካልበቃኝ ዓምዱን አሰፋለሁ፣ ዓምዱ ሲሰፋ ረድፉ ያጥራል። አዲሶቹ የማይክሮሶፍት 365 ኤክሴሎች ረድፍ መሃል ላይ መቆም ስለሚችሉ ይሄ ችግር ቀሎላቸዋል፤ የቢሮአችን ግን የ2016 ነው። እትዬን ወደ 1 ላወርድላቸው ስል እጄን ያዙኝ። "እኔ ምን አነባለሁ? ቁጥር ነው የምፈልገው" አሉና እስከ 10 ወሰዱት። ስክሪናቸው ላይ ሃያ አምስት ረድፍ ይታያል፣ በእርከን አሥር ሲሄዱ አሥራ አምስቱ ይቀራል። ለሚፈልግ ሰው በቂ ነው። ችግሩ ያን ኮምፒውተር አንዳንዴ እኔም የምጠቀምበት መሆኑ ነው። ይሄ ሴቲንግ ለየተጠቃሚው ለየብቻ ስለሚቀመጥ የኮምፒውተር ባለሙያችን ሁለት ዩዘር ከፈተልን፤ እሳቸው በ10፣ እኔ በ1።

የእህቴ ልጅ ገጿን ሊያሳድጋት ነው። በሰከንድ ስንት ፒክስል የሚለውን ሊጨምርበት ነበር፤ ተው አልኩት። በእሱ ቦታ እውነተኛ የአማርኛ ጽሑፍ ይግባበትና፣ ከአንድ እርከን ወይም ከአንድ የጣት ግፊት በኋላ ስታነበው ከነበረው ስንት መስመር ስክሪኑ ላይ እንደቀረ ይንገርህ። "ይሄ እንኳን በአምስት መስመር ኮድ አያልቅም ጋሼ" ብሏል። ፈተናውን ሲጨርስ እዚሁ እለጥፈዋለሁ።